አሥራ አንድ ሺህ ምት

ሙዚቃው አልቆ ክፍሉ በጭብጨባ ሲሞላ ያላጨበጨበችው ድራመሯ ብቻ ነበረች። እጆቿን ጭኖቿ ላይ ዘርግታ ከፊቷ የቆሙትን ሁለት ትላልቅ ድምፅ ማጉያዎች እንደ ሰው አፍጥጣ ታያቸዋለች። ሰባት ሙዚቃ ሰማች። በሰባቱም ውስጥ ድራም አለ። ጥሩ ድራም ነው፣ ንጹሕ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ የመታችው እሷ አይደለችም።

እንዴት አይደለችም? ነገ ወደ ማተሚያ በሚላከው የሸክላ ሽፋን ላይ ስሟ ተጽፏል። ባለፈው ወር ለአሥራ ሁለት ቀን እዚሁ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጣ ክንዷ እስኪዝል የመታችው እሷ ናት። የትልቁ ድራም ድምፅ የእሷ ድራም ድምፅ ነው፤ የሲምባሉ ጠርዝ ላይ ያለችው ስንጥቅ እንኳ ሳትቀር ትሰማለች። ግን ሰው የራሱን አረማመድ እንደሚያውቅ እሷም ምቷን ታውቃለች። የእሷ ምት ይዘገያል። ብዙ አይደለም፣ የዓይን ጥቅሻ ያህል። ሳክስፎኑ ይነሣል፣ ቤዙ ይከተላል፣ እሷ አንዴ ትተነፍስና ታሳርፈዋለች። የባንዱ ሰዎች ለዚህ ነው "ወይዘሪት ቆይ" የሚሏት። ስሙን ሲያወጡላት ለመቀለድ ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው። አሁን ከማጉያው የወጣችው ሴት ማንንም ቆይ አትልም። እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ብላ ሄደች።

የስቱዲዮው ባለቤት፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት፣ ከሶፋቸው ተነሥተው ወደ እሷ መጡ። ሕንፃው የእሳቸው ነው፣ ማሽኖቹ የእሳቸው ናቸው፣ ሸክላውንም የሚያሳትሙት እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

"ይኸው አየሽ ልጄ፣ ስትጥሪ ትችያለሽ" አሏት። "እኔማ የብረት ቤት ልጅ ናት፣ እጇ ከመዶሻ አይላቀቅም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አኮራሽን።"

ስድብን ከምስጋና ጋር በአንድ ብርጭቆ በጥብጠው የሚያጠጡ ሰዎች አሉ፤ ሴትየዋ ከእነዚያ አንዷ ናቸው። ለማመስገን የመረጡት ደግሞ እሷ ያልሠራችውን ነው።

ሽቦን በዓይኗ ፈለገችው። ሽቦ የሚሉት ኪሱ ከኬብል ተለይቶ ስለማያውቅ ነው። ሲንተሳይዘሩን የሚጫወተው፣ በሳክስፎንና በድራም መሃል የማሽን ድምፅ አስገብቶ ባንዱን ማንንም የማይመስል ባንድ ያደረገው እሱ ነው። የባለቤትየዋ አንድ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደግሞ የእሷ ነው። ይህንን ባንዱ በሙሉ ያውቃል፤ እናቱ ብቻ እንዳልሰሙ ሆነው ሰምተዋል። አንድ ሙዚቃ ባለቀ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነበር። ዛሬ የሚያየው ጫማውን ነው።

ያን ጊዜ ገባት።

"እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ" አሉ ጋሼ ቤዝ፣ ከባንዱ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ጊታራቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው። "ስንጫወተው እንዲህ ነበርን? ወይስ አርጅቼ ነው? ከአንድ የማላውቀው ሰው ጋር መንገድ የሄድኩ መሰለኝ።"

ሳክስፎን ነፊው ሳቀ። ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም። ድራመሯ ተነሥታ ቦርሳዋን አነገተች።

"በጣም ቆንጆ ነው" አለች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። "ማን እንደመታው ግን አላውቅም።"

አራት ፎቅ ደረጃ በእግሯ ወረደች። ሊፍቱን መጠበቅ አስጠልቷት ነበር። የሽቦ እናት ቢያርሟት ምን ቸገራት? የሰው ጆሮ ነው፣ እንደ አፍንጫ ይለያያል ብላ ታልፈዋለች። ግን ያንን ሥራ እናቱ አይችሉትም፤ ኮምፒውተሩን ማብራት እንኳ አያውቁም። የሚችለው በዚያ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው፣ የተዋወቁ ቀን፣ "አንቺ ስትመቺ ወለሉ ከእግሬ ሥር የሚሄድ ይመስለኝና መልሶ ይመጣል" ያላት ሰው ነው። ታችኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ከንዴቷ ብዛት የት እንደቆመች ጠፍቷት ነበር።

*

በማግሥቱ ጠዋት በአባቷ ብረት ቤት ውስጥ ነበረች። አባቷ የብረት በርና የመስኮት ፍርግርግ ይሠራሉ። መገጣጠሙን ማሽን ቢሠራውም ማጠፊያውንና ጌጡን ዛሬም በእሳት አግለው በመዶሻ ነው የሚያወጡት። እሳቸው ብረቱን በጉጠት ይይዛሉ፣ እሷ በትልቁ መዶሻ ትመታለች። የባንድ ልምምድ በሌለባት ቀን ሁሉ ሥራዋ ይኸው ነው።

ጋሼ ቤዝ በሩ ላይ ብቅ ሲሉ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ኮታቸውን አውልቀው ካንጠለጠሉ በኋላ አንድ ፖስታ ሰጧት።

"በዚህ ዕድሜዬ ደብዳቤ አመላላሽ አደረጋችሁኝ" አሉ። "ልጁ ከውጪ መንገድ ላይ ቆሟል። አልገባም አለ።"

"ይቁም" አለች። ጓንቷን አውልቃ ደብዳቤውን ከፈተችው።

"የኔ ቆይ፣

የምጽፍልሽ ፊት ለፊቴ ስትቆሚ አፌ ስለሚተሳሰር ነው። እናቴ መጀመሪያ የቀዳነውን ሰምታ 'ድራሙ ይንገዳገዳል፣ ልጅቷን አሰናብትና በማሽን ተካው' አለችኝ። ማሽኑ አንድ ቁልፍ ብጫን ይሠራው ነበር። እኔ ግን እምቢ አልኩ። 'ደግማ ትመታዋለች' ብዬ አሳመንኳት። ከዚያ ድምፅሽ እንዲቀር፣ እጅሽ እንዲቀር ብዬ ዘጠኝ ቀን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ምቶችሽን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። አሥራ አንድ ሺህ ምት ነው። ዓይኔ ደም መሰለ። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ማንም እንዳይነካሽ ብዬ ነው። አንቺ ከባንዱ ከወጣሽ እኔ ምን ቀረኝ? ባታመሰግኚኝ እንኳ ትረጂኛለሽ ብዬ ነበር።

ያንቺው ሽቦ"

ሁለት ጊዜ አነበበችው። በመጀመሪያው ልቧ ትንሽ ራራ፤ ዘጠኝ ቀን ያ ሰው ጀርባውን አጉብጦ ሲቀመጥ ታያት። በሁለተኛው "ወደ ቦታቸው" የምትለው ቃል ላይ ስትደርስ ያ ርኅራኄ እንዳለ ወደ እሳቱ ገባ።

"ምን ይላል?" አሉ አባቷ።

"አሥራ አንድ ሺህ ምቴን አስተካከልኩልሽ ይላል።"

"አሥራ አንድ ሺህ? በእጁ?"

"በእጁ።"

አባቷ ጉጠቱን አስቀመጡና አሰቡ። "ትዕግሥተኛ ልጅ ነው" አሉ።

"አባዬ፣ አንተም?"

"አይ፣ እኔ ሥራውን ነው ያልኩት። አንድ ሰው የእኔን በር ወስዶ ጌጡን አንድ በአንድ በሞረድ ቢልገው፣ ትዕግሥተኛ ነው እለዋለሁ። ከዚያ ጆሮ ግንዱን እለዋለሁ።" እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "ጥራውና ንገሪው። በፖስታ አይሆንም።"

መጥራት አላስፈለጋትም። ሽቦ በሩ ላይ ቆሟል። ጸጉሩ ተንጨባሯል፣ ከኪሱ አንድ ጥቁር ኬብል ተንጠልጥሏል። አባቷ ጋሼ ቤዝን ክንዳቸውን ይዘው፣ "ኑ፣ ሻይ እንጠጣ" አሏቸው። ጋሼ ቤዝ ግን አልተንቀሳቀሱም። "እኔም የተበደልኩ ሰው ነኝ" ብለው አንድ ያላለቀ መስኮት ላይ ተቀመጡ። አባቷም ተዉትና አጠገባቸው ቆሙ።

"አነበብሽው?" አለ ሽቦ።

"አነበብኩት። ቆንጆ ደብዳቤ ነው። አሥራ አንድ ሺህ ጊዜ ተሳስተሻል ይላል።"

"እንደዛ አላልኩም።"

"ወደ ቦታቸው መለስኳቸው አላልክም? ከቦታቸው የወጡት መቼ ነው?"

"ላተርፍሽ ብዬ ነው" አለ።

"ከማን?"

"ከእናቴ።"

"ለእናትህ 'እሷ የምትመታው እንዲህ ነው፣ እኔም የምወደው ይሄንኑ ነው' ማለት ትችል ነበር። አንድ አረፍተ ነገር ነው እኮ። ዘጠኝ ቀን አይፈጅም።"

"ፈራሁ።"

"እናትህን?"

"እንዳትሄጂብኝ።"

"እኔ እኮ ሄጃለሁ" አለች፣ አሁን ድምፅዋ ተሰብሮ። "እዚያ ሸክላ ላይ የለሁም። እናትህ ማሽን ይተካት ብለው ነበር፤ እሳቸው ቢያንስ ደፍረው ተናገሩት። አንተ ግን ከእኔ ከራሴ እጅ ማሽን ሠራህና ስሜን ለጠፍክበት። ከዚያ ደግሞ አመስግኚኝ ትለኛለህ።"

ክንዱን ይዛ መቀጥቀጫው ብረት ጋ አቆመችው። ለሁለት ዓመት ተዋውቀው እዚህ ቤት ከበሩ አልፎ ገብቶ አያውቅም ነበር። መንገድ ላይ ቆሞ በስልክ ይጠራታል እንጂ። ይህም ትዝ አላትና ንዴቷ እጥፍ ሆነ።

"አባዬ እዚህ ጋ ይቆማል" አለችው። "ብረቱን በአንድ እጁ ይይዛል። በሌላው እጁ በትንሿ መዶሻ የምመታበትን ቦታ ያሳየኛል። እጁን ሳያነሣ መዶሻዬን ካወረድኩት ጣቱ የለም። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ እጁን አይቼ ነው የምመታው። እያደር እጁ እየከበደው ሄደ፣ እኔም እየቆየሁለት ሄድኩ። እናንተ ይንገዳገዳል የምትሉት እሱ ነው። ሳክስፎን ነፊው ትንፋሹን ሲስብ አያለሁ፤ የጋሼን ጣት አያለሁ፤ አንተንም አይሃለሁ። አይቼ ነው የምመታው። ዘጠኝ ቀን ተቀምጠህ የነቀልከው ይሄንን ነው።"

ሽቦ የአባቷን እጅ አየ። አባቷም ሰው ሲያያቸው እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ግራ ገባቸውና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

"አልነገርሽኝም" አለ ቀስ ብሎ።

"አልጠየቅከኝም። አሁን መጀመሪያ የቀዳነውን ዋናውን ቅጂ መልስልኝ።"

ፊቱ አመድ ሲመስል ነገሩን ከመናገሩ በፊት አወቀችው።

"የለም" አለ። "እያስተካከልኩ እዚያው በላዩ ላይ ሴቭ እያደረግኩት ነበር። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ዋናውን አላስቀመጥኩትም።"

ሽቦ ኬብል ይጎተታል፣ መብራት ይጠፋል፣ ማሽን ይበላሻል ብሎ ለዓመታት ሦስት ቅጂ ሳያስቀምጥ የማይተኛ ሰው ነው። አንድ ቅጂ ያላስቀመጠው የእሷን ብቻ ነው። መልሶ የሚፈልገው ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም ማለት ነው።

"እንግዲያው ስሜን አንሣልኝ" አለች። "ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ወደ ማተሚያው ከመላኩ በፊት። የማላውቃት ሴት በስሜ አትመታም።"

"የእኔንም" አሉ ጋሼ ቤዝ ከመስኮቱ ላይ ሳይነሡ። "እኔ የተጫወትኩት ከዚህች ልጅ ጋር ነው፤ ከሰዓት ጋር አልተጫወትኩም።"

"ስማችሁን አላነሣም" አለ ሽቦ። "እንደገና እንቀዳዋለን። ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ።" እሷ ግን አላመነችውም፤ አለማመኗም ከሁሉ በላይ አመማት።

*

ስቱዲዮ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። እናቱ ከጠረጴዛቸው ጀርባ የሸክላውን ሽፋን ቀለም እየመረጡ ነው። ሽቦ ቁጭ በል ሳይሉት ፊታቸው ቆመ።

"እማዬ፣ ትናንት ያመሰገንሽው እሷን አልነበረም። እኔን ነበር። ደግማ አልመታችውም። ምቶቹን በኮምፒውተር ያንቀሳቀስኳቸው እኔ ነኝ። ዋሽቼሻለሁ።"

እናቱ መነጽራቸውን አወረዱ። "ታዲያ ምን ጎደለ? ጆሮዬ የሰማው ጥሩ ነው።"

"እሷ ጎደለች" አለ ሽቦ።

"እኔም ጎደልኩ እትዬ" አሉ ጋሼ ቤዝ። "የትናንቱ ከወጣ ስሜ አይኖርበትም።"

ሳክስፎን ነፊው ያን ጊዜ ነበር የገባው። ምን እንደተፈጠረ ሳይጠይቅ የሁሉንም ፊት አየና፣ "የእኔም አይኖርበትም" አለ። ከዚያ ወደ ጋሼ ቤዝ ጎንበስ ብሎ፣ "ምንድን ነው ነገሩ?" ሲል ጠየቃቸው።

ሴትየዋ አንድ በአንድ አዩዋቸውና ዓይናቸው ድራመሯ ላይ ቆመ። "ልጄን እንዲህ መናገር አንቺ ነሽ ያስተማርሽው?"

"እኔ ምንም አላስተማርኩትም እትዬ" አለች። "አስተምሬው ቢሆን ኖሮ ይሄን ያኔውኑ ይነግርዎት ነበር።"

ሴትየዋ ፊታቸው ቀላ። እጃቸውን ወደ ሰዓቱ ዘረጉ። "በዘጠኝ ሰዓት ይላካል። ከዚያ በፊት ሰባቱን ቀድታችሁ ከጨረሳችሁ ያ ይሄዳል። ካልጨረሳችሁ የትናንቱ ይሄዳል፤ ስማችሁም ያለበት ይቆያል። የፈረማችሁት ወረቀት እኔ ጋ ነው።"

ወረቀት። ሁልጊዜ መጨረሻው ወረቀት ነው። የብረት ቤት ልጅ ስሟን ለማስጻፍም ለማስፋቅም የሌላ ሰው መሳቢያ እስኪከፈት መጠበቅ አለባት።

ድራሟ ላይ ተቀመጠች። ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀች። ሽቦ ከማሽኑ የሚልከው የልክ ድምፅ፣ እያንዳንዱ ሰው ጆሮ ውስጥ የሚገባው ያ ቀጭ ቀጭ፣ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ዱላዋን አወረደች።

ልክ በቀጭታው ላይ አረፈ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። በሕይወቷ አንድም ቀን ያልሆነላት ነገር ዛሬ ሳትለፋ ሆነላት። ቅንጣት አልዘገየችም። ሳክስፎን ነፊው ትንፋሹን ሳይሞላ ደረሰችበትና ድምፁ ተቆራረጠ። ጋሼ ቤዝ እየሮጡ ይከተሏታል። የማንንም ፊት አላየችም፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። አንዴ ብቻ ቀና ስትል ከመስታወቱ ማዶ የሽቦ እናት ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየች፣ በደስታ። እንኩ፣ አለች በሆዷ፣ የፈለጋችሁት ይኸው። ይህን ያህል ትክክል ሆና፣ ይህን ያህል ብቻዋን ሆና አታውቅም።

ድንገት ቀጭታው ቆመ። ጆሮዋ ውስጥ ምንም የለም፤ ዱላዋም አየር ላይ ቀረ።

ሽቦ የልክ ድምፁን ኬብል ነቅሎት ነበር። የእሱ ተራ ደርሷል፤ ሲንተሳይዘሩ መግባት ያለበት እዚህ ጋ ነው። እጆቹ ቁልፎቹ ላይ ተንሳፍፈው ቆመዋል፣ አይወርዱም። ጋሼ ቤዝ ክራቸውን በመዳፋቸው ያዙት። ሳክስፎኑ ዝም አለ።

"ምን ሆናችሁ?" አሉ እናቱ በማጉያው። "ጊዜው እየሄደ ነው።"

"እየጠበቅኩ ነው" አለ ሽቦ፣ ዞር ሳይል።

"ምኑን?"

"እሷን።"

አየችው። ሌላ የምታይበት ቦታ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጫወቱ እሷ ስታየው እሱ የማሽኑ ሰሌዳ ላይ የሚበራውን ቁጥር ነበር የሚያየው። አሁን ቁጥሩ ጠፍቷል። መቼ እንደሚገባ የሚነግረው ነገር በዚህ ክፍል ውስጥ ከእሷ እጅ በቀር የለም፤ እሱም ይህን አውቆ ዱላዋን ያያል። እናቱ እያዩት ነው። ከእናቱ ፊት አልሸሸም።

አልመታችም። ይጠብቅ። ዘጠኝ ቀን አይደለም፣ ትንሽ ይጠብቅ። የተናቀችበትን፣ ሁለት ዓመት ከበሩ ውጪ የቆመበትን፣ ያላስቀመጠውን ያንን አንድ ቅጂ ሁሉ እያሰበች አስጠበቀችው። እሱም ጠበቀ። ሰዓቱ ሄደ። ንዴቷ ውስጥ አንድ ነገር እየላላ ሲሄድ ተሰማት፤ በዚያም በራሷ ተናደደች። ሰው አንዴ ስለተጠበቀ ብቻ እንዲህ ይሆናል? እንዲህ ርካሽ ነኝ? አይደለሁም፣ አለች ለራሷ። ይቅር አላልኩትም። ግን እወደዋለሁ፣ ምን ላድርገው።

ዱላዋን አነሣች። አንዴ ተነፈሰችና፣ እሷ በፈለገችው ጊዜ፣ ዘግይታ አሳረፈችው። እሱም ከእሷ ኋላ፣ ያንኑ የዓይን ጥቅሻ ያህል ዘግይቶ ገባ። ሳክስፎኑ ትንፋሹን ሞልቶ ተነሣ። ዓይኗ ሞልቶ ሲምባሉ ብዥ አለባት፤ ቢሆንም እጇ አልቆመም። እያለቀሰች መታች። ንዴቷም አብሯት ይመታ ነበር።